የኋሊት ዱካ

ፎቶ አንሺዋ የሰው ዱካ አትወድም። በፎቶ ግርጌ የጫማ ምልክት ካየች ቤቷ ገብታ ቆርጣ ትጥለዋለች። ዛሬ የመጣችበት፣ ወታደር ጥሎት የሄደው ሰፈር ግን ሁለመናው የሰው ዱካ ነው፤ የዛገ ታንክ፣ አፉን የከፈተ ምሽግ፣ ከበርሜል ፈስሶ አሸዋውን ያጠቆረ ዘይት። እዚህ እስኪደርሱ በረሃውን አቧራ ሲቅሙ ነው የዋሉት። መኪና የሚነዳላት አጎቷ መንገዱን ሙሉ አጉረምርሟል።

«ሰው ሙሽራ ያነሳል፤ አንቺ ዝገት!»

ከጥርጊያ መንገዱ ማዶ የተገተረው ታንክ ሙሉ ለሙሉ ፎቶው ውስጥ አልገባላትም። ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል ወደ ኋላ ተራመደች፤ አነሳች። አሁንም ወደ ኋላ፣ ከጥርጊያው ወጥታ አሸዋው ላይ፤ አነሳች። ነፋሱ በረታ።

አጎቷ ከጎማው ሥር የሚወትፈው ነገር ሲፈልግ ከአሸዋው ቆርቆሮ መዘዘ። የራስ ቅል ተሥሎበታል። ተሰቅሎበት የነበረውን የአጥር ሽቦ ብረት ለቃሚዎች ነቅለው ሸጠውታል፤ ይህን ግን ማን ይገዛናል ብለው ትተውታል።

«እንዳትንቀሳቀሺ!»

«ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነው፣ ጋሼ!»

«ይሂድ! አንቺ ብቻ ቁሚ! ፈንጂ መሃል ነሽ!»

በመጣችበት ልመለስ ብላ ብታይ፣ ነፋሱ አሸዋውን እንደ ተጠረገ ደጅ አስተካክሎታል። ከምሽጉ ጅብ ብቅ አለና ሁለቱንም በተራ ገረመማቸው።

«ጋሼ፣ ጅብ!»

«አይዞሽ፣ እሱ እንኳ እዚያ አይገባም!»

ጅቡም አልገባም። ያ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

ያኔ ነው ትዝ ያላት። የኋሊት ስትራመድ ካሜራው የሚያየው የረገጠችውን ነበር! የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተች። እዚያው ግርጌ፣ ቆርጣ የምትጥለው ቦታ ላይ፣ ዱካዋ ቁልጭ ብሏል። ከዛገው ጣሳ በስተግራ፤ ረገጠች። ከጥይት ቀለሁ አጠገብ፤ ረገጠች። ፎቶ እየቀየረች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ነፋሱ እያንገዳገዳት ተራመደች። አጎቷ ማጉረምረሙን ትቶ ከንፈሩን ነክሷል።

ጥርጊያው ላይ እንደወጣች አንገቷን አንቆ አቀፋት፤ ወዲያው ደግሞ ገፈተራት።

«ለእናትሽ ምን ልላት ነበር፣ እ? ዝገት በላት?»

ሁለቱም መኪናው ሥር ዘፍ ብለው ሳቁ፤ እንባቸው አቧራውን አጨቀየው።

«እንግዲህ ያንን ዱካ ስታጠፊው አያለሁ» አላት።

«ማን? እሱማ አይነካም!»

ታንኩ፣ ጥቁሩ ዘይት፣ ግርጌው ላይ ዱካዋ፦ ፎቶው ከዚያ ወዲህ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። አሁንም ለሥራ ስትወጣ ወደ ኋላ ትራመዳለች። ቀበቶዋን ከኋላ ጨብጦ የሚከተላት ግን አጎቷ ነው፤ እያጉረመረመ።