የገብስማው ግራ እግር

ምሥራቅ የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ከውጭ ስባ ስትከፍት አውራ ዶሮው ጭዱ ላይ ቆሞ አያት። ባሏ ወገኔ ግን ከፍራሹ አልተነሣም።

ወገኔ እዚያ ያደረው ገብስማውን ከሌባ ሊጠብቅ ነበር። በማግስቱ እንጅባራ የዶሮ ቁንጅና ውድድር አለ። አጠገቡ የነበረው የማንደጃ ከሰል አመድ ሆኗል። ብቸኛዋ የአየር ቀዳዳ በማዳበሪያ ተጠቅጥቃለች።

ኢንስፔክተር ይሄነው ዳንግላ ሲደርስ ፖሊሶቹ ዶሮውን ቅርጫት ውስጥ ከተውታል፤ ምሥራቅንም በካቴና አስረዋታል። የመኪናው ሞተር እንኳ አልጠፋም። ማንደጃውን ያስገባችው እሷ ናት፤ ከባሏ ጋር ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። ከዚህ ወዲያ ማን ይደክማል?

«ያስገባሁት ፍም ነው» አለች። «ቀዳዳውም ክፍት ነበር።»

«የግቢው በርስ?»

«ከውስጥ ተቆልፎ ነው ያደረው። የነበርነው እኔ፣ አዝመራውና እንግዳችን አቶ ነጋ ነን።»

ነጋ የራሱን ዶሮ ይዞ ከአዘና የመጣ ሽማግሌ ተወዳዳሪ ነው።

«በወገኔ ይቀኑ ነበር አሉ» አለው ይሄነው።

«ብቀናስ? የገብስማውን እግር አይተውታል? እንደ እርድ ቢጫ፣ ቅርፊቱ የተደረደረ፣ አንድ እንከን የሌለው። ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው። የኔው እግሩ ነጥቶ፣ ከዚህ አጠገብ ቢቆም ለወጥ ነው የሚመስለው።»

«ትናንት ነክተውታል?»

«ወገኔ ማን ያስነካል? እሱም ልብሱ እንዳይቆሽሽ በጣቱ ነው የሚያሳየው። ጭዱን እንኳ ማታ አዲስ ያስነጠፈው አዝመራውን ነው።»

አዝመራው የወገኔ የአጎት ልጅ ነው። ወላጆቹ ሲሞቱ እዚህ ግቢ ገብቶ፣ እዚሁ ጎለመሰ። ገብስማውን ከጫጩትነቱ ያሳደገው እሱ ነው፤ አርቢ ተብሎ የሚጠራው ግን ወገኔ ነበር። አምና ሽልማቱ ሲሰጥ አዝመራው ያጨበጨበው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው።

«ጋሼ ደግ ሰው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። የሞተ ሰው ደግ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

ይሄነው ተንበርክኮ ጭዱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ዶሮ ቤቱ አስገባና በሩን ዘጋው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምሥራቅ ዓይኗን ከተጠቀጠቀችው ቀዳዳ አልነቀለችም።

ይሄነው ዶሮውን ከቅርጫቱ አውጥቶ ጭድ ወደሌለው የድንጋይ ወለል ዝቅ አደረገው።

«ድንጋይ ላይ አያቁሙት» አለ አዝመራው።

«ለምን?»

ይሄነው የዶሮውን ግራ እግር ገልብጦ አሳያቸው። የውስጥ እግሩ አብጧል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ፤ ዙሪያው ጂቪ፣ ያ ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት፣ ተቀብቷል።

«ጉድ እኮ ነው» አለ ነጋ። «በዚህ ብቻ ከሜዳ ያስወጡት ነበር።»

«አየህ፣ እሳቸው አያውቁም» አለው ይሄነው አዝመራውን። «ወገኔም በጣቱ ሲያሳይ ነው የኖረው። አሁን ስሙኝ። የከሰሉ መርዝ ሰው ከገደለ ዶሮ አይተርፍም። ይህ ግን ተርፏል፤ እንግዲያው እዚህ አላደረም። ገዳዩ ወገኔ ሲተኛ ዶሮውን አወጣው፤ ጥሬ ከሰል ጨመረ፤ ቀዳዳውን ጠቀጠቀ፤ በሩን ከውጭ ቀረቀረ። ሲነጋ ከፍቶ አየሩን አስወጣና፣ ማን ዘንድ አደረ እንዳይባል ዶሮውን መልሶ በሩን ቀረቀረ። አቶ ነጋ ቢሆኑ አብሮ እንዲሞትላቸው በተዉት ነበር።»

«እውነት ነው» አለ ነጋ፣ ሳያስበው።

«አዲሱን ጭድ ተመልከቱ። ወይን ጠጁ ቀለም ያለው ከበሩ እስከ ፍራሹ ብቻ ነው፤ ወዲያ የለም፤ ዶሮው ተቀብቶ በበሩ ገብቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ የተቀባው ዛሬ ጠዋት፣ ዶሮው በገዳዩ እጅ ሳለ ነው። ሰውየው ገድሎ ሲያበቃ፣ የዶሮውን የጠዋት መድኃኒት መዝለል አልሆነለትም። ቁስሉን የሚያውቀው ደግሞ አሁን ‹ድንጋይ ላይ አያቁሙት› ያለው ሰው ነው።»

አዝመራው ለማምለጥ አልሞከረም። በሩን አየው፤ ተዘግቷል።

«ቆጡን ዝቅ አድርገው፣ ከዚያ እየዘለለ በድንጋዩ ይቆስላል አልኩት። ‹አንተ ምን ታውቃለህ፣ ብላና ዝም በል› አለኝ። ትናንት ደግሞ እንጅባራ አትሄድም፣ ዶሮውንም እዚያው እሸጠዋለሁ አለ።»

«እኔን ሲያስሩኝስ?» አለች ምሥራቅ።

«እዚህ ቤት የተማርኩት ዝም ማለት ነው፣ እትዬ።»

ይሄነው በሩን ከፈተ። ካቴናው ከምሥራቅ እጅ ወጥቶ በአዝመራው እጅ ገባ። አዝመራው መኪናው ዘንድ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ዞረ።

«ማታ ይቀባ» አለ። «ካልተቀባ ያነክሳል።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። ምሥራቅ ካቴናው የላጠውን አንጓዋን እያሸች ጥቂት አየችው።

«ጠርሙሱ የት ነው?»

«ከአልጋዬ ሥር። ዶሮው ያደረውም እዚያው ነው።»