ሁለተኛዋ ቦዲል

ከመቶ ዓመት በፊት የኖረችን ልጅ ዛሬ መግደል ይቻላል?

አላውቅም። እስከ አሁን አላውቅም።

የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ አዮዋ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማችን ቤተ ክርስቲያን። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አግዳሚዎቹ ላይ ተዘርግታ ነበር። ሰዓቱን የምጠቅሰው «ጨለማ አሳስቶሽ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ጨለማ አልነበረም።

የእኛ ከተማ ሰው አብዛኛው ቅድመ አያቶቹ ከዴንማርክ በመርከብ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ አንድ እሑድ ፓስተር ሆልገር የእነዚያን ተሳፋሪዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ስም በተጠራ ቁጥር ከዘሩ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው «አለሁ» ይላል።

ለእኛ ቤተሰብ የምትመልሰው አክስቴ ዳግኒ ናት። ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት።

እኔ ኮፐንሃገን ዘጠኝ ዓመት ታሪክ ተምሬ ነው የተመለስኩት። ለምን እንደተመለስኩ ለራሴም አልገባኝም ነበር። የአጎቴ ልጅ ቬርነር ባየኝ ቁጥር «ፕሮፌሰሯ መጣች፣ ወንበር ልቀቁላት» ይላል። ስለዚህ ፓስተሩ የስሞቹን ዝርዝር ከመርከቡ መዝገብ እንደ አዲስ እንድገለብጥለት ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። ትምህርቴ አንድ ነገር ሊጠቅም ነው ብዬ።

የቤተሰባችን መስመሮች እንዲህ ይላሉ።

ራስሙስ፣ 34።

ማረን፣ 31።

ቦዲል፣ 5።

ቦዲል፣ 5።

ጸሐፊው ደክሞት የደገማት መሰለኝ። አንዷን ሰረዝኳት።

ከገጹ ግርጌ የተሳፋሪው ድምር 412 ይላል። የእኔ 411 መጣ...

እሱንም አስተካከልኩት።

አላስተካከልኩትም። ቀየርኩት።

ዝርዝሩን ለአክስቴ ያነበብኩላት ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። ኤብልስኪቨር የሚባለውን ክብ የዴንማርክ ቂጣ እየጠበሰች ነበር። እጇ መጥበሻው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ሁለት ናቸው» አለች።

አንደኛዋ ቦዲል የአክስቴ አያት ነበረች። ከመርከቡ ስትወርድ ሌላዋን ቦዲል እጇን ይዛት እንደነበር ነግራታለች። ሌላዋ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ግን በቤታችን አይወራም።

እኔ ደግሞ ረጋ ባለው፣ በተማረው ድምፄ አስረዳኋት። የሁለተኛዋ መቃብር የለም። የትምህርት ቤት መዝገብ የለም። ሰው ሲያረጅ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል አልኳት።

መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

«እየጃጀሁ ነው እንዴ፣ ቲራ?»

ዝም ማለት እችል ነበር።

«ትንሽ» አልኳት።

ቬርነር በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ከቤቴ የምወጣው ስሞት ነው ብላ እምቢ ብላለች። ማስረጃ አልነበረውም። አሁን አገኘ። ሐኪሟ ዘንድ ወስዷት «ፕሮፌሰሯ ራሷ ብላለች» አለ። መጦሪያው ውስጥ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ተያዘላት።

እሑድ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመካከላችን የእሷ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነበር።

«ራስሙስ።»

«አለሁ» አለች አክስቴ።

«ማረን።»

«አለሁ።»

«ቦዲል።»

«አለሁ።»

ፓስተሩ ጣቱን አርሶ ገጹን ገለጠ...

«አለሁ።»

ቀጭን ድምፅ ነው። ከታች የመጣ። ከእኔና ከአክስቴ መካከል።

የተጠራ ስም አልነበረም።

ፓስተሩ ከመነጽሩ በላይ አየን። ከኋላ አንዱ ሳቅ ብሎ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ በሙሉ ምድር ቤት መዝሙር እያጠኑ ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ጎን አየሁ።

ከቦርሳው አጠገብ የአግዳሚው ትራስ ጎድጉዶ ነበር። እያየሁት... ቀስ እያለ ተነፋ። ሰው ሲነሳለት እንደሚሆነው።

አክስቴ ፊቷን አላዞረችም።

«አሁንስ ጃጅቻለሁ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ቬርነር ከእኛ ሁለት አግዳሚ ቀደም ብሎ ተቀምጧል። ተነስቼ «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት።

አላልኩም። አፈርኩ።

ሰኞ ወሰዷት። ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ራስሙስና ማረን የመጡበትን መንደር የጥምቀት መዝገብ በኢንተርኔት ከፈትኩ።

ሁለት ሴት ልጆች። በአሥራ አንድ ወር ልዩነት የተወለዱ። ሁለቱም ቦዲል።

በእኛ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያዋ ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወስዳለች፤ ሁለተኛዋ የአባቷን እናት። ሁለቱ አያቶች ስማቸው አንድ ከሆነ ልጆቹም ስማቸው አንድ ይሆናል። አንደኛዋን አያት ማስቀየም ስለማይቻል ነው። ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ፈተና ተፈትኜበታለሁ።

በዓመት ውስጥ ለአንድ ወር ብቻ ዕድሜያቸው እኩል ይሆናል። መርከቡ የገባው በዚያ ወር ነው።

ለቬርነር ደወልኩ። ፕሮፌሰሯ ዛሬ ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች ብሎ ሳቀና ዘጋው።

መጦሪያው ጋ ደወልኩ። አንዲት ሠራተኛ አነሳች።

«ዳግኒ? አሁን ከልጅቷ ጋር ወጣች።»

«ከየትኛዋ ልጅ?»

«ከ... ቆይ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ልጅቷን እኔ አላየኋትም። ግን ዳግኒ እጇን ዝቅ አድርጋ ይዛ... ታዋራት ነበር።»

እስክደርስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ከሕንፃው ጀርባ የታጨደ የበቆሎ ማሳ አለ። ስስ በረዶ ለብሷል። የአክስቴ የጫማ ዱካ ከበሩ ተነስቶ ወደ ማሳው ይገባል። የእሷ ብቻ። ሌላ ዱካ የለም።

ተከተልኩት።

መጀመሪያ ርምጃዋ የተለመደው ርምጃዋ ነበር። ከዚያ አጠረ... ከዚያ በጣም አጠረ። የሚሮጥ ሰው ርምጃ አይደለም፤ የደከመም አይደለም። ትንሽ ልጅ እንዳትቀርበት የሚጠብቅ ሰው ርምጃ ነው።

ማሳው መሃል ላይ ዱካው አለቀ።

ዙሪያውን በረዶው አልተነካም።

ፖሊስ ፈለጋት። ውሾች ፈለጓት። እዚያው ቦታ ደርሰው ቁጭ ይላሉ፤ አንድም ወደፊት አይሄድም።

ስልኳን ይዛ ነበር የወጣችው። ዱካው ያለቀበት ላይ ቆሜ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ጻፍኩላት።

«ሁለት ነበሩ። የሰረዝኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ደርሷል ይላል።

ተነቧል ይላል።