መልሱ «ሐ» ነው

«መልሱ ‹ሐ› ነው» አለች ኮምፒውተሯ፣ ጓደኛዋ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ላብ ሲደርቅ ለምን ይበርደናል ነው ያልኩሽ። ለምን?»

ጉድ ፈላ! «ኮምፒውተሯ» ብሎ ስም ያወጣላት ክፍሉ በሙሉ ነው። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች እንደ ውሃ ጠጥታቸዋለች፤ ጥያቄው ገና ሲጀመር እጇ መልሱን ያከብባል። በዘንድሮው የመልቀቂያ ፈተና ግን ምርጫው በግማሽ ተቀንሶ በቦታው «ምክንያቱን በራሳችሁ አባባል አስረዱ» የሚል ገባ። ባለፈው ሳምንት በተሰጠው መለማመጃ ኮምፒውተሯ ወደቀች። ለጓደኛዋ ግን «ደፍኜዋለሁ» ብላ ነገረቻት።

ይኸው ጓደኛዋ እሷን ብላ ቤት ድረስ መጣች። የሚያጠኑት እናቷ ልብስ በምትሰፋበት ክፍል፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን ገፋ አድርገው ነው። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«የኔ ልጅ እኮ» ትላታለች እናቷ ፔዳሉን እየረገጠች፣ «ፈተናው ተለወጠ አልተለወጠ ደንታም የላት። መታደል ነው!»

ኮምፒውተሯ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«በኋላ አስረዳሻለሁ» አለች።

«ትናንትም በኋላ ነው ያልሽኝ።» ጓደኛዋ ደብተሯን ዘጋች። «ገባኝ በቃ። እንዳልበልጥሽ ፈርተሽ ነው። እኔ ደሞ ሞኟ፣ እህቴ ናት ብዬ...» ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

ኮምፒውተሯ ንፉግ ተብላ ዝም ብትል የጎበዝነት ስሟ ይተርፋል። ጓደኛዋ ግን ግትር ናት፤ በዚህ ሁኔታ ከወጣች ተመልሳ አትመጣም።

«አላውቀውም» አለች።

«ምኑን?»

«ለምን እንደሚበርደን። ‹ሐ› መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም። መለማመጃውንም ወድቄያለሁ። ደፈንኩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ደንበኛዋ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች። ኮምፒውተሯ ቀና ብላ የእናቷን ፊት ለማየት ድፍረት አጣች።

«አንቺ!» አለች ጓደኛዋ በመጨረሻ። «ሳምንቱን ሙሉ በቅናት ስታሳርሪኝ ከረምሽ? እኔም እኮ ወድቄያለሁ!» ቦርሳዋን ግን መልሳ አስቀመጠችው።

መኪናው ቀስ ብሎ ስፌቱን ቀጠለ። ኮምፒውተሯ ከካውያው አጠገብ ባለው የውሃ ሳህን ውስጥ ጣቷን ነከረችና እፍ አለችበት።

«ይቀዘቅዛል» አለች።

«እና ለምን?»

«እንጃ።» ሳህኑን ወደ ጓደኛዋ ገፋችላት። «እስቲ አንቺም ሞክሪው።»