የሽማግሌዎቹ ዶቅማ

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ አላየሁም!» አለ ሰውየው፤ ሄዶም ምለው ከጨረሱት መሃል ተቀመጠ።

ጵርስቅላ ቆጠረች። ከእሷ በፊት የቀሩት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሆመቾ ዙሪያ ሰው ከጧት ጀምሮ ለአውጫጭኝ መስክ ላይ ተሰብስቧል። የሽማግሌዎቹን ዶቅማ የሰበረው ካልታወቀ ማንም ቤቱ አይገባም። ከብት ይጩህ፣ ሕፃን ያልቅስ፣ አይገባም። ዶቅማው እንደሌላው ዛፍ አይደለማ! ደም የተቃቡ ሰዎች የሚታረቁት ከሥሩ ነው። ፍሬው በስሎ ቢጠቁርም ሽማግሌ መርቆ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይሰድበትም።

ጵርስቅላ ግን ሰደደች። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኛዋ ከጣቢታ ጋር ወጣችበት። ምን ታድርግ፣ አባቷ «ዛፍ ዛፍ ነው፤ የሚፈራው የፈጠረው ነው» ሲል እየሰማች ነው ያደገችው። ፍሬው ደግሞ ያስጎመጃል! ሁለተኛውን እፍኝ ስትለቅም ከእግሯ ሥር ጓ አለ። ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወረደ፤ እሷ ግንዱን አቅፋ ተረፈች።

«ምለሽ ቁጭ ማለት ነው፣ በቃ!» አለቻት ጣቢታ በጆሮዋ። «ማን አየን?»

«ጠናስ?»

ጠና ሸክላ ሠሪ ነው። ለሸክላው ማቃጠያ እንጨት ስለሚለቅም ጣት ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። መሬት የለው፣ ወገን የለው። ጭቃ ሹም አሳምነው «ሌላ ሰው ካልተገኘ ዛሬውኑ ጓዝህን ጠቅልለህ ትወጣለህ» ብለውታል። ሚስቱ አራስ ናት።

«እሱ ምናችን ነው? የአባትሽን አስቢ እንጂ!»

እሷንስ የያዛት ይኸው የአባቷ ነገር አይደል! አባቷ ጴጥሮስ ወንጌል ሰባኪ ነው፤ አይምልም። ጧት ሽማግሌዎቹ «የእናንተ ሰዎች ዛፋችንን ይንቃሉ» ብለው ሲያፋጥጡት፣ «አልምልም፤ ግን ቃሌን እሰጣለሁ፤ ከቤቴ ማንም አልነካውም» አላቸው። ተያዩና ተቀበሉት። አሁን ያ ቃል ውሸት ሆኖ ቢገኝስ? ቤታቸው ያረፈበት መሬት የሽማግሌዎቹ ነው። ተባራሪዎቹ እነሱ ሊሆኑ ነው።

ጣቢታ ተጠራች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ማለችና ተቀመጠች።

«ጵርስቅላ ጴጥሮስ!»

ተነሳች። አባቷ ከማዶ ሆኖ «አይዞሽ» በሚል ዓይን ያያታል። ወይኔ፣ ምነው ባያምነኝ! አለች በልቧ። ጠና ብቻውን ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«የሰባኪው ልጅ ናት፤ መማል አያስፈልጋትም» አሉ ጭቃ ሹሙ። «'አላየሁም' በይና ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? ጣቢታ ገለል ብላ ስፍራ ለቀቀችላት።

ጵርስቅላ ወደዚያ አልሄደችም። መስኩን አቋርጣ ጠና አጠገብ ቆመች።

«ጋሽ ጠና አልነኩትም» አለች፤ ድምጿ ቢያንስም ሁሉም ሰማው። «አባቴም አያውቅም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»