የማን ትንፋሽ ነው

«ተዘጋጅቻለሁ» አለ ጉለላት በሩን እንደከፈተ። ሻንጣውን አንጠልጥሏል። «ሚስቴ ሳትሰማ ቶሎ እንሂድ።»

ቴክኒሻኗ ብዙነሽ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። «ጋሼ፣ የት ነው የምንሄደው? እኔ እኮ ማጣሪያ ልቀይር ነው የመጣሁት።»

ጉለላት አፈረ። ሻንጣው ውስጥ ካልሲ ብቻ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሲሰደድም እንዲህ ነው።

አይፈረድበትም። ጨረቃ ላይ በታሸገ ቤት የሚኖር ሰው ትንፋሹን የት ይደብቃል? በየጣሪያው አሽታች ተተክሏል፤ የቤቱን አየር እያሸተተ አልኮልና ትካዜን የሚለካ መሣሪያ ነው። ትካዜ ሽታ እንዳለው ሠሪዎቹ በቅርቡ ደረሱበት፤ ባለትዳር ግን ድሮም ያውቀዋል። የዚህ ቤት አሽታች ሁለት ጊዜ ጮኋል። ለሦስተኛ ጊዜ ከጮኸ ጠጪው ብቻውን ወደ ምድር ይመለሳል፤ ጉለላትም ሊወስዱት የመጡ መስሎት ነበር።

ብዙነሽ መሰላል ላይ ወጥታ የአሽታቹን ክዳን ስትከፍት ቢጫ መብራት በርቷል። ሊጮህ ነው። ቱቦውን ሳበችና «ጋሼ፣ እፍ ይበሉበት» አለች።

«ምን አደከመሽ? ጠጪው እኔ ነኝ!»

«እፍ ይበሉ።»

እፍ አለ። አልኮል የለም። የትካዜው መርፌ ግን ጫፍ ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ብዙነሽ ቱቦውን እንደያዘች ወደ ጓዳው አየች። የወይዘሮ አፍ ማሽተት ነውር ነው። ምድርን ትተን ብንመጣም ነውራችንን አልተውነውም፤ እስከዛሬ አንድም ቴክኒሻን ሚስትየዋን «እፍ በይ» ብሎ አያውቅም።

ሚስቱ አስካለ ከጓዳ ወጣች። ቱቦውን ራሷ ተቀብላ እፍ አለችበት። የአልኮሉ መርፌ ዘለለ።

«አስካለ!» አለ ጉለላት።

«ተው እንግዲህ። ጥፋቴን ሁለት ጊዜ ተሸክመህልኛል።» ወደ ብዙነሽ ዞረች። «ድሮ ጠርሙሱን እሱ እንዳይጨርሰው እያልኩ እኔ እጨርሰው ነበር። እሱ ተወው፤ ድርሻው ለኔ ቀረ።»

«እኔም ስተወው አብሮኝ የሚስቅ ጠፋ» አለ ጉለላት ቀስ ብሎ። «አንቺም ጭምር።»

«ዝም ስትል የተቀየምከኝ መስሎኝ!»

አሽታቹ ሲተከል ጠጪው ባል፣ ያዘነችው ሚስት ተብሎ ተነግሮታል። ያኔ እውነት ነበር። ዓመታት አልፈው ባልና ሚስት ቦታ ሲለዋወጡ ግን የነገረው የለም። ጎረቤትም ቢሆን እስከዛሬ ለሷ ያዝናል፣ እሱን ያማል።

መብራቱ ቀላ። አስካለ ወደ ምድር ከሄደች፣ ጉለላት ከዚያ የትካዜ መርፌ ጋር ብቻውን ሊቀር ነው። ብዙነሽ የአሽታቹን ሽቦ ያዘች።

«ሳይጮህ ልንቀለው? ተበላሽቷል እላለሁ።»

«ንቀይው!» አለ ጉለላት።

አስካለ ወደ አሽታቹ ቀና አለች።

«እሱ ምን በወጣው! በዚህ ቤት ጤነኛው እሱ ብቻ ነው።»