ቱቦ ውስጥ የከረመ ውሃ

ልጄ የምትሠራው የአበባ ችግኝ በሚበቅልበት የላስቲክ ቤት፣ ግሪንሃውስ ነው። ላስቲኩ ሥር ሙቀቱ ያፍናል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከእረፍት ቀን ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት የውሃ ማጠጫውን ቱቦ ከፍተው ፊታቸው ላይ መርጨት ነበር። ውሃው ቱቦው ውስጥ ቆሞ ለብ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

የልጄ ጓደኛ፣ ሳቋ ስለማያልቅ ፍልቅልቅ የሚሏት፣ “ኑ፣ ሳንባችንን እናጥበው” እያለች እንደ ጭጋግ የሚበተነውን ውሃ በአፏ ትስበው ነበር።

ፍልቅልቅን አተኮሳት፤ ሳል ያዛት። ሁሉም “ብርድ ነው” አለ። ሐኪም ቤት ስትደርስ መናገር አቅቷት ነበር። ቀበርናት።

ብዙም ሳይቆይ ከጓዳ ሳል ሰማሁ። የልጄ ነው፤ ለጆሮዬ ግን የፍልቅልቅ ሆነብኝ።

“ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

“እማዬ ደግሞ! ባሳልኩ ቁጥር ለቅሶ ልትቀመጪ ነው?”

“እንዳልቀመጥ ነው። ተነሺ።”

ሐኪሟ ሥራዋን ስትጠይቃት ልጄ “የቀን ሥራ” ብቻ አለች። ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ ነው።

“ግሪንሃውስ ነው፣ ዶክተር” አልኩ። “የሚረጭ ውሃ ስትተነፍስ ነው የምትውለው።”

ሐኪሟ ቀና አለች። “እንኳን ነገሩኝ፣ እናቴ። ለብ ብሎ በቆመ ውሃ ባክቴሪያ ይራባል። ውሃው ሲረጭ ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ይገባል። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው።”

“ጓደኛዬስ?” አለች ልጄ።

“እሷን አልመረመርኳትም። አላውቅም።”

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ምርመራው ያንኑ ባክቴሪያ አሳየ፤ መድኃኒቱን ወስዳ ዳነች። ለአለቃዋ ስትነግረው “ደግሞ ውሃ ጠላት ሆነ?” ብሎ ሳቀባት። ሌላ ሠራተኛ ሲታመም ግን ሳቁን ተወ። አሁን የውሃው ታንከር ይታጠባል፤ ቱቦ ውስጥ የቆመው ውሃም ሳይረጭ፣ ቱቦው መሬት ላይ ተጋድሞ ቀስ ብሎ ይፈሳል።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የቆመ ውሃ ፊታችሁ ላይ አትርጩ። ሳልና ትኩሳት ሲይዛችሁም ሥራችሁን ከሐኪም አትደብቁ።

በቀደም አዲስ የገባች ልጅ ቱቦውን ወደ ፊቷ ስታዞር ልጄ እጇን ያዘቻት።

“ምን አለበት?” አለች ልጅቷ። ልጄም ስለ ፍልቅልቅ ነገረቻት።

“እናት አላት?”

“አላት” አለቻት ልጄ። “መንገድ ላይ ሰው ባሳለ ቁጥር ልጇ መስሏት በር ትከፍታለች።”