አባ ወልደጋብር የተኮሷት ጥይት

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በኅዳር መባቻ፣ የመቀሌ ገበሬ ጤፉን በሚያጭድበት ሰሞን፣ በመሰቦ ተራራ ዋሻ ውስጥ አንድ ካህን ብቻቸውን ይቀድሱ ነበር። አባ ወልደጋብር ይባላሉ፤ ትውልዳቸው ዓሊቴና፣ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነው። በሥራቸው ካደሩት አርባ አርበኞች አንድም ካቶሊክ ስላልነበረ፣ የካህኑን ካሉ በኋላ የሕዝቡንም ራሳቸው ይመልሱ ነበር።

ጣልያን መቀሌን ከያዘ ወዲህ የገዛ ጎረቤታቸው "የጠላት ሃይማኖት" እያለ ሸሻቸው፤ ጣልያኖቹ ደግሞ ለጦራቸው ድል ይጸልዩልን ብለው አዘዟቸው፤ እሳቸውም እምቢ ብለው ጫካ ገቡ። ጦሩን ይመሩ ነበር እንጂ ጠመንጃ አይነኩም፤ ሰው የገደለ ካህን መቅደስ አይገባምና። ሌላው ሁሉ ቀርቶባቸው በእጃቸው ያለችው ክህነታቸው ብቻ ነበረች፤ እሷን እንዳያጡ እጅግ ይፈሩ ነበር።

ኅዳር ፲፪ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከኲሓ ወደ መቀሌ ለሚመጡ የጣልያን መኪኖች አድፍጠው ውጊያ ገጠሙ። ከማይጨው ሽሽት የተረፈው የመንዝ ሰው፣ ምክትላቸው ደመላሽ፣ ጭኑን ተመትቶ ወደቀ፤ አንድ ለጋ ጣልያናዊም ሽጉጡን ደግኖ መጣበት። አባ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኙም፤ የደመላሽን ውጅግራ ጠመንጃ አንሥተው ተኮሱ።

ወጣቱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። በአንገታቸው ያለውን መስቀል አይቶ በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ለመናቸው፤ አባም ከረን ሲማሩ የጣልያንኛ ቋንቋ ለምደው ነበርና ሰሙት።

"አባ፣ ይነሡ እንጂ፣ ሊደርሱብን ነው! ምን ይላል ይኼ?" አለ ደመላሽ።

"ልናዘዝ ይላል።"

"ለእርስዎ? ለገደሉት?"

"ሌላ ማን አለው፣ ወደይ?" አሉት፣ በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ሲሉት።

ጫካ ከገቡ ወዲህ ክህነታቸውን ፈልጎ የመጣ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብለው ሰሙት፤ ከኃጢአቱ ፈቱት፤ እያለቀሱም ዓይኑን ከደኑለት።

ከዚያች ቀን በኋላ አልቀደሱም። ደመላሽ በምርኩዝ እያነከሰ ወደ ዋሻው መጣ።

"አባቴ፣ እኔን ለማዳን ነው እኮ። እግዜር ይህ ይጠፋዋል?"

"አይጠፋውም። እኔም የገደልሁት አይጠፋኝም።"

"እንግዲያስ ይቀድሱ፤ ሥርዓቱን ባላውቀውም እኔ አብሬዎት እቆማለሁ።"

"ሂድና ተኛ፣ ወደይ፤ ቁስልህ ያመረቅዛል።"

ሂድ ያሉት ልባቸው ቅር እያለው ነበር። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ጠመንጃ አንግተው ሦስት ዓመት ተዋጉ፤ ሰዉም አባ ማለቱን እየተወ ፊታውራሪ አላቸው።

ግንቦት ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ጠላት ለቅቆ መቀሌ ሲገቡ፣ ባላምባራስ አገኘሁ የተባሉ ጸሐፊ የአርበኞችን ታሪክ እንዲመዘግቡ ታዘው መጥተው ነበር።

"ፊታውራሪ፣ ደመላሽ እንደ ነገረኝ የመጀመሪያው የገደሉት ነጭ በጆሮዎ ሲያንሾካሹክ ቆይቶ ነው የሞተው። ምን አለዎት?"

አባ ወልደጋብር ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ተቀመጡ።

"እኮ ምን አለ? የጦሩን ምሥጢር አወጣ? ምሕረት ለመነ?"

ጸሐፊው ቀለሙ ብዕራቸው ላይ እስኪደርቅ ጠበቁና፣ በመጨረሻ "ምንም ሳይናገር ሞተ" ብለው ጻፉ።

መዝገቡ ያንኑ እንደያዘ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ስማቸውን ከካህናቱ ተራ አወጣች። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ከምእመናኑ ኋላ ቆመው ሲያስቀድሱ፣ የዚያን ልጅ ኑዛዜ ለማንም ሳይገልጡ ኖሩ፤ የኑዛዜን ምሥጢር የሚጠብቅ ደግሞ ካህን ነው።